መምጣት ያልቻሉት የመረጧት ሊቀመንበር

ዛሬም ሮም መሐል፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ ሰዎች አሉ። አንዷ እንዲያውም ባለፈው ወር ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ አግኝታኝ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ፣ «የሕዝብ ድምፅ የሰረቀችው ይቺ ናት» ብላ ለጓደኛዋ አሳየችኝ። እኔም ቲማቲሜን መምረጥ አላቋረጥኩም። የሰረቅኩት ነገር የለም። የእድራችን ሊቀመንበር አዳራሽ ውስጥ እጅ በማውጣት መመረጧ ቀርቶ፣ ከየሰፈሩ በተላኩ ወኪሎች እንድትመረጥ ተከራከርኩ። ተከራክሬም አሸነፍኩ። በዚህ ምክንያት ሮም ውስጥ ከማንም አስበልጬ የማከብራቸውን ሴት አስቀየምኩ። ነገሩ ነገ ቢደገም ነገም ያንኑ አደርጋለሁ።

ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ወሬው ከተርሚኒ ወደ ፒኜቶ፣ ከፒኜቶ ወደ ፌስቡክ ሲዞር ግማሹ መንገድ ላይ ስለቀረ፣ የቀረውን እኔው ልናገረው ብዬ ነው።

እድራችን የሴቶች እድር ነው። ሁላችንም ማለት ይቻላል በሰው ቤት እንሠራለን፤ ግን ሁለት ዓይነት ነን። ገሚሶቹ በሰዓት ይሠራሉ፤ ቀን ሁለት ሦስት ቤት አጽድተው ሲመሽ ተርሚኒ አካባቢ ወይም ፒኜቶ ወዳለው የራሳቸው ክፍል ይገባሉ። ሌሎቻችን ፊሳ ነን። ፊሳ ማለት ከምትጠብቂያቸው አዛውንት ጋር እዚያው የምትበዪ፣ እዚያው የምትተኚ ማለት ነው። ኮንትራቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሁድ ዕረፍት ነው ይላል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ግን ኮንትራት አያነብም። ተተኪዋ ካልመጣች እሁድም እንደ ማክሰኞ ይውላል።

እኔ የምኖረው ካሲያ መንገድ ላይ ነው፤ ከተማውን ከሚዞረው ትልቁ መንገድ ወዲያ፣ አጥርና ውሻ እንጂ ሰው የማይታይበት ሰፈር። የምጠብቃቸው ሲኞራዬ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ከዚያ ተርሚኒ ለመድረስ አውቶቡስ፣ ከዚያ ትንሿ ባቡር፣ ከዚያ ሜትሮ ያስፈልጋል። አውቶቡሱ ከመጣ ነው ይህ ሁሉ።

ወንድሜ የሞተ ጊዜ የነገረኝ ስልኬ ነው። ሲኞራዬ የምሳ እንግዳ ነበራቸውና ካርቾፊ እየላጥኩ ነበር፤ ያ እሾሃም አትክልት ጣት ያጠቁራል። ስልኬ ብልጭ ሲል በክርኔ ነካ አደረግኩት። የማላውቀው ሰው የወንድሜን ፎቶ ከሻማ ሥዕል ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎበታል። ከሥሩ ሠላሳ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሏል። እኔ ሠላሳ አንደኛ ሰው ሆኜ ሰማሁ ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ እየተሳቀ ነበር። ጩኸቴን ዋጥኩና ካርቾፊውን ላጥኩ፤ ፓስታውንም አቀረብኩ። አንዷ እንግዳ «ብራቫ፣ በጣም ይጣፍጣል» አለችኝ። እንዴት እንደመለስኩላት አላስታውስም።

በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተመካክሮ፣ ከሥራም ቀርቶ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። ሰዎቹ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። የሚነገራት ሰው ስትወድቅ የሚይዛት ትከሻ አስቀድሞ ተመድቧል። እድራችን ይህን ለተርሚኒ ሴቶች አንድ ቀን አጉድሎ አያውቅም። መርዶ ያለባት ሴት ቀድማ እንዳትሰማ ስልኳን ሳይቀር «ላንዴ ልደውልበት» ብለው ይወስዱባታል። እኛ ሩቅ ላለነው ግን «እሁድ ስትመጪ እንቀመጥልሻለን» ነበር ደንቡ።

ያን ቀን ሳህኑን ካጠብኩ በኋላ ለሊቀመንበራችን ደወልኩ። እትዬ ነው የምላቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ተርሚኒ አጠገብ ሬስቶራንት አላቸው። እውነት ለመናገር ስልኩ ላይ ከእኔ ጋር አለቀሱ።

«የኔ እናት፣ ካሲያ እኮ ሌላ አገር ነው» አሉኝ። «እሁድ ነይ፤ ሁሉንም እሰበስብልሻለሁ።»

እሁድ ተተኪዋ አልመጣችም። በሚቀጥለውም እሁድ አልመጣችም። በሦስተኛው ስደርስ አዳራሹ ለሌላ ሰው ለቅሶ ተይዞ ነበር። ከዳር ወንበር ላይ ተቀምጬ በሰው ለቅሶ ወንድሜን አለቀስኩ።

እትዬ ክፉ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ሮም የገባሁ ሰሞን ሦስት ወር ሙሉ ያደርኩት ከሬስቶራንታቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ለፔርሜሶዬ፣ ለመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና ሳይነጋ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው አብረውኝ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላውን ወደኔ አዘንብለው ግራ ትከሻቸው በሰበሰ። ይህን ያደረጉት ለእኔ ብቻ አይደለም። ለዚያ ነው ምርጫ በመጣ ቁጥር አዳራሹ «ማን ይሁን?» ሲባል እጅ እንደ ሣር የሚበቅለው። ደግሞስ ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩሽ፣ የምግባቸው ሽታ ገና ከልብስሽ ሳይለቅ፣ እጅሽን ለሌላ ሰው ታወጫለሽ? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለብን እኮ።

ሁለት ጊዜ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በየሰፈሩ ጎህ ሲቀድ መርዶ የሚያደርሱ ሦስት ሦስት ሴቶች ይመደቡ አልኩ። ሁለት ጊዜም በእጅ ብልጫ ወደቀ። «በዚያ ሌሊት ማን ኦስቲያ ይሄዳል?» አለች አንዷ፤ አዳራሹ ሳቀ። የሳቁት በእግራቸው ቤታቸው የሚገቡት ናቸው። ኦስቲያ ባሕሩ ዳር አዛውንት የምታገላብጠው ሴት ሳቁን አልሰማችም፤ አልነበረችማ። እትዬም «ቫ ቤኔ፣ እህቶቼ፣ ዲሞክራሲ ነው፤ ብዙኃኑ ተናግሯል» ብለው ዘጉት። እኔ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ።

የዚያኑ ዓመት ክረምት ጣልያኖች ፕሬዚዳንት መረጡ። እዚህ አገር ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ምክር ቤቱና ከየክልሉ የሚላኩ ወኪሎች አንድ ላይ ተቀምጠው ነው። በቴሌቪዥን ያዩት ያውቁታል፤ ቀናት ይፈጃል። ሰዎቹ አንድ በአንድ ገብተው ወረቀታቸውን ይከታሉ፤ ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦ ወረቀቱን እያነሳ የተጻፈውን ስም ጮክ ብሎ ያነባል። ባዶ ከሆነ «ቢያንካ» ይላል። የመጀመሪያው ቀን «ቢያንካ፣ ቢያንካ፣ ቢያንካ» ሲባል ዋለ። ሲኞራዬ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ቅዳሴ ነው የሚከታተሉት።

«እርስዎ ራስዎ ለምን አይመርጡትም?» አልኳቸው እግራቸውን እያሸሁ። «እስከዚህ ድረስ ከሚያነቡ ሕዝቡ አንድ ቀን ወጥቶ ቢጨርሰው አይሻልም?»

«ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ነው እኮ» አሉኝ። «የኳስ ዳኛ በደጋፊ ጩኸት ሲመረጥ አይተሻል? ስታዲየሙ ውስጥ የሚበዛው ሁልጊዜ የባለሜዳው ደጋፊ ነው።»

እጄ እግራቸው ላይ ቀረ። የእኛ እድር አዳራሽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ሲኞራዬ የመጡት ሞሊዜ ከሚባል ክልል ነው። ትንሽ ክልል ናት፤ ጣልያኖች ሲቀልዱባት «ሞሊዜ የሚባል የለም፣ ፈጠራ ነው» ይላሉ። የገዛ ልጃቸው እንኳ፣ ሮም ስላደገ፣ ይህን ቀልድ ምሳ ላይ አይተውም። የዚያን ቀን ግን የሞሊዜ ወኪሎች ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ሲኞራዬ ሶፋው ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ቁጠሪ» አሉኝ። «ሦስት ናቸው። ሎምባርዲያ ያ ሁሉ ሕዝብና ፋብሪካ እያለው ስንት የላከ ይመስልሻል? ሦስት። እኛም ሦስት። ዛሬ የለም የሚል ይምጣ!»

ልጃቸው የዚያን ቀን ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበርና ከወጥ ቤት ብቅ አለ። «ማማ፣ ይሄ ያረጀ ነገር ነው። እኔ በቀጥታ ብመርጥ ምን አለበት? አሜሪካን አላየሽም? በዚህ በወኪል ጣጣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ሲሸነፍ።»

«አንተ የምትኖረው ሮም ነው» አሉት ሲኞራዬ። «እንዲህ ማለት ይቀልሃል።»

እሱ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ድስቱ ተመለሰ። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት፣ ሲኞራዬ ሲያሸልቡ፣ የመድኃኒታቸውን ሰዓት የምጽፍበትን ደብተር ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ። ሮምን ሰባት ሰፈር አድርጌ ከፈልኳት። ተርሚኒ፣ ፒኜቶ፣ ኖሜንታና፣ ካሲያ፣ ኢዩር፣ ኦስቲያ፣ ከከተማው ውጭ ኮረብታው ላይ ያሉት የካስቴሊ መንደሮች። እያንዳንዱ ሰፈር ሁለት ወኪል ይልካል፤ ተርሚኒ ሰው ስለሚበዛበት ሦስት። አሥራ አምስት ሴቶች ይሆናሉ። ሰፈሩ ለወኪሎቹ ሐሳቡን በስልክ ይነግራል፤ እነሱ ተገናኝተው፣ ተነጋግረው፣ በወረቀት ይመርጣሉ። ምርጫው ሐሙስ ወይም እሁድ ይሁን አይሁን ግድ የለም፤ ከየሰፈሩ የሚመጡት ሁለት ሁለት ወኪል ብቻ ከሆኑ ተተኪ ማግኘት ይቻላል።

ይህን ራሱን አዳራሹ እንደማያሳልፈው አውቃለሁ። የመተዳደሪያ ደንባችንን ግን ከጥግ እስከ ጥግ አነበብኩት። ደንቡን ለመቀየር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ይፈርሙ ይላል። የተገኙ አባላት አይልም፤ አባላት ነው የሚለው። መሥራቾቹ ይህን ሲጽፉ ስለ እኛ አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን አመሰገንኳቸው።

ያን ክረምት ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፊርማ ስለቅም አለፈ። ሴቶቹን ያገኘኋቸው አዛውንቶቻቸውን ፀሐይ በሚያሞቁበት መናፈሻ፣ ፋርማሲ በር ላይ፣ በአጥር ቀዳዳ ነው። ኢዩር ውስጥ አንዷ ወረቀቱን በተሽከርካሪው ወንበር ክንድ ላይ ዘርግታ ስትፈርም፣ ወንበሩ ላይ ያሉት አባት ስለምን እንደሆነ ጠየቁን። ስነግራቸው እኔም ልፈርም ብለው እስክሪብቶውን አልለቅም አሉ። የኦስቲያዋን ሴት ያወቅኳትም ያኔ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የምትናገረውን ሁለቴ የምታስብ ሴት ናት። ፈርማ ስታበቃ «እኔም የአባቴን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ነው» አለችኝ።

ፊርማውን ለእትዬ የሰጠኋቸው ሬስቶራንቱ ገና ሳይከፈት ነው። መነጽራቸውን አድርገው ስም በስም አነበቡት።

«ይሄ ሁሉ እኔን ለማውረድ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። እርስዎም ይወዳደሩ። ወኪሎቹ እርስዎን ከመረጡ የመጀመሪያዋ እልል የምለው እኔ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ ፊት ለፊት እየመረጠኝ፣ አሁን በተዘጋ ቤት?» አሉ። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። ደንብ አክባሪ ናቸውና እንቢ አላሉም። ለእኔ ግን የዚያን ቀን ሻይ አላዘዙልኝም፤ በአሥራ ስምንት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

የምርጫው ቀን ወኪሎቹ፣ እኔም ካሲያን ወክዬ፣ ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። አባላቱ አዳራሹ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ በሩ ስስ ስለሆነ ጫጫታቸው ይሰማል። ተወዳዳሪዎቹ እትዬና የኦስቲያዋ ናቸው። ወረቀቱን የማነበው እኔ እንድሆን ተስማሙ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ ሰውዬ፣ አንድ በአንድ እያነሳሁ ጀመርኩ። እትዬ፣ የኦስቲያዋ፣ እትዬ እያልኩ አራተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ? አንብቢው እንጂ» አሉኝ ወኪሎቹ።

ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ስም ተጽፏል። አንደኛው ከላይ፣ ሌላው ከታች፣ መሐላቸው «እና» የሚል ቃል ገብቶ። ትንሽ ቆየሁና ሌላም እንደዚያው የሆነ አገኘሁ፤ ከዚያም ሦስተኛ። አንደኛዋ እንዲያውም ከሥሩ «ሁለቱንም እግዚአብሔር ይባርካቸው» ብላ ጽፋበታለች። ተቆጥሮ ሲያበቃ ስድስት ለስድስት ሆኑ፤ ሦስቱ ወረቀት ባለ ሁለት ስም ነው።

ማን እንደጻፈ ሳይጠየቅ የፒኜቶዋ ወኪል ራሷን ያዘች። «እትዬ የልጄ ክርስትና እናት ናቸው። የኦስቲያዋ ደግሞ ስትደውልልኝ እሺ ብዬ ቃል ሰጥቻታለሁ። እንዴት አድርጌ አንዷን ልተው? ይቀየሙኛል እኮ!»

«እኔም ለሁለቱም እሺ ብያለሁ» አለች የኖሜንታናዋ። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ውስጤ ግን በግኖ ነበር። ያን ሁሉ አውቶቡስ ስቀያይር የከረምኩት ይሉኝታን ከአዳራሽ አውጥቼ ወረቀት ላይ ላስቀምጠው ነው እንዴ? ጣልያኖቹ ሲቸግራቸው ባዶ ይጥላሉ፤ እኛ ሲቸግረን ሁሉንም እንጽፋለን።

ቢሆንም ደንቡ ያመጣው ጥቅም የታየኝ እዚያ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ እጅ ከወረደ ወረደ ነው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። እዚህ ግን አሥራ አምስት ሆነን ፊት ለፊት ስለተቀመጥን መነጋገር ግድ ሆነ። ሁለቱን ተወዳዳሪዎች ጠርተን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅናቸው፤ ሩቅ ላለችው እህት መርዶ በንጋት የሚያደርስ ሰው ትልካላችሁ ወይ?

እትዬ አልዋሹም። «ልጆቼ፣ እኔ ሬስቶራንት አለኝ። የማልችለውን ቃል አልገባም። እሁድ ይምጡ፤ እንደ እናታቸው አለቅስላቸዋለሁ።»

የኦስቲያዋ መልስ አጭር ነበር። «እኔ እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልችልም፤ ከየሰፈሩ ሰው ስጡኝ።»

ሲወጡ የካስቴሊዋ ወኪል ስለ ጎረቤቷ ነገረችን። የልጇን መርዶ በስልክ ሰምታ፣ የምትጠብቃቸው አዛውንት መታጠቢያ ውስጥ ስለነበሩ እስኪጨርሱ ቆማ ስለጠበቀች ሴት ነው። ፎጣውን ይዛ ነው የቆመችው። ከዚያ ማንም ያልጠበቃት፣ ከተርሚኒ ሦስት ወኪሎች አንዷ፣ እትዬን ብላ የመጣች ሴት፣ አፏን ከፈተች።

«እኔን በር አንኳኩተው ነው የነገሩኝ። አሥራ ሁለት ሆነው ነው የመጡት። ይሄ የማይደርሳቸው እንዳሉ፣ በእውነት፣ አስቤው አላውቅም።»

በሁለተኛው ዙር ባለ ሁለት ስም ወረቀት አልነበረም። የኦስቲያዋ ዘጠኝ፣ እትዬ ስድስት።

አዳራሽ ገብቼ ውጤቱን ስናገር የሆነውን የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ወንበር ተንኳኳ። እዚህ የተወለደች ወጣት ተነስታ «ኖን ኤ ጁስቶ!»፣ ፍትሕ አይደለም፣ ብላ በጣልያንኛ አንባረቀችብኝ። «እትዬን የሚፈልግ እጁን ያውጣ! አሁኑኑ እንቁጠር!» አለ ሌላ ድምፅ። እጅ ወጣ። ማጋነን አልወድም፤ ሁለት ሦስት ሰው ሲቀር አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ።

«አየሁት» አልኩ። «እጃችሁን አየሁት። አሁን ደግሞ ዛሬ መምጣት ያልቻሉት እጃቸውን ያውጡ።»

አንዳንዶቹ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። አንዷ ሳቀችና ወዲያው ተወችው።

«እዚህ ያለነው የእድሩ ብዙኃን አይደለንም፤ መድረስ የቻልን ነን። ሌሎቹ አሁን ሰው እያጎረሱ ነው። ዲሞክራሲ ለባለ እሁድ ብቻ ከሆነ እኔ አልፈልገውም።»

እትዬ ቦርሳቸውን አንስተው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ። «ጓዳዬ ያደርሽውን ረሳሽው» አሉኝ ዝግ ብለው።

«አልረሳሁም። ምግብዎን በላሁ እንጂ ድምፄን አልሸጥኩልዎትም» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ንግግሬ ሁሉ ያቺን አንዲት መልስ ብቻ ብመልሳት ደስ ይለኛል። የቀረውን አንድም ቃል አልመልስም። ጥቂቶች ብዙዎችን አሸነፉ ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አዎ፣ ይሆናል። ይህ ደንብ አንድ ቀን እኔ ዓይኗን ማየት የማልፈልጋትን ሴት ሊቀመንበር ያደርግብኝ ይሆናል። ያን ቀን በግኜ አድራለሁ እንጂ ደንቡን አልቀድም። የቅርቡ ሰው ሁልጊዜም ድምፅ አለው፤ በሩ ክፍት ነው፣ ሰላም ይባላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ነገሩን ያስገባል። ለሩቁ ሰው ደንብ ካልተጻፈለት ምን አለው? ይህን ስናገር ሰው እልኸኛ ይለኛል። ነኝ።

እትዬ ለወራት አላናገሩኝም። ሬስቶራንቱ በር ላይ ሳልፍ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሐሙሶቼን ሌላ ቦታ ማሳለፍ ለመድኩ፤ አልለመድኩም፣ ግን አሳለፍኩ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ አዲሷ ሊቀመንበር ደወለችልኝ። ካስቴሊ፣ ኮረብታው ላይ ካሉት መንደሮች በአንዱ የምትሠራ ሴት አለች፤ እናቷ ደሴ አርፈዋል። ቤተሰቡ ለእድሩ ነግሮ፣ እስክንደርስ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይወጣ ዘመዱን ሁሉ ለምኗል። እሁድ ጎህ ሲቀድ ወደ መንደሩ አውቶቡስ የለም። «መኪና አገኘሁ» አለች የኦስቲያዋ፤ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም። የሲኞራዬ ልጅ እናቱ ጋር አደረ፤ እኔ ፒኜቶ ጓደኛዬ ቤት አድሬ፣ ወገግ ሲል ተርሚኒ አጠገብ ባለው ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ቆምኩ።

የመጣው የሬስቶራንቱ ፉርጎኔ ነው፤ አትክልት የሚጫንበት መኪና። መሪው ላይ እትዬ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው። የኦስቲያዋ ከኋላ ናት። ለእኔ የቀረው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«ቀበቶሽን እሰሪ» አሉኝ። መንገዱ ጠፍቶብን ሁለት ጊዜ ሲዞሩ አንድ ጊዜም አላማረሩም።

አጥሩ ረጅም ነው። የበሩን መጥሪያ፣ ቺቶፎኖውን፣ ስደውል የአሠሪዋ ልጅ በእንቅልፍ ድምፅ ማን እንደሆንን ጠየቀችን። ነገርኳት። «በዚህ ሰዓት?» አለች። «በስልክ አትነግሯትም ነበር?»

«በስልክ አይነገርም» አልኳት። «ራሷ በሩን ትክፈትልን።»

ውሻ ጮኸ። ከዚያ እሷ ራሷ በሽርጥ፣ ፀጉሯን በጨርቅ አስራ፣ በጠጠሩ መንገድ ላይ መጣች። አምስት ዓመት ሙሉ ለስብሰባ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣችው፤ ከእትዬ በስተቀር ሁለታችንን በመልክ አታውቀንም። ግን ሦስት ሴቶች፣ ነጠላችን እንዲያ ሆኖ፣ በንጋት በሩ ላይ ቆመን ስታየን እርምጃዋ ተገታ። ማንም ገና አፉን አልከፈተም።

«ማን ነው?» አለች። «ንገሩኝ፣ ማን ነው?»

እትዬ ሁለታችንን በክርናቸው አልፈው ቀደሙ። «እናትሽ ናት፣ ልጄ» አሉና ሳትወድቅ ያዟት።

ጮኸች። በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት፣ መንደሩ እስኪሰማ፣ የእናቷን ስም እየጠራች ጮኸች። የላይኛው መስኮት ተከፈተና የአሠሪዋ ልጅ አንገቷን አወጣች። «ሲኞሬ፣ ፒያኖ፣ ፒያኖ፣ ቀስ በሉ፣ እባካችሁ፣ እሁድ ነው፣ ጎረቤት አለ!»

እትዬ ቀና ብለው አይዋት። ሴቲቱን ደረታቸው ላይ እንዳስጠጉ ናቸው።

«ዛሬ ፒያኖ የለም» አሏት፣ እኔ እንኳ በማላውቀው ድምፅ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ምን ትጠብቂያለሽ? በዚያ ወገን ያዣት» አሉኝ፤ ያዝኳት።